«ምነው ጠቆርሽ?» ማለት ይብቃን

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን እየጎተተች ፀጉር ቤቴ ገባች። በማግስቱ ሰርግ አለባቸው። ልጅቷ ከሙሽሮቹ ፊት አበባ ይዛ የምትሄደው እሷ ናት። እናትየዋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻትና እጇን ፀጉሯ ውስጥ ከትታ፣ «እትዬ፣ ይህን ከርዳዳ አንድ በይልኝ» አለችኝ። ልጅቷ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። እኔም አየኋት። ከርዳዳ የተባለው ፀጉሯ ጥቅጥቅ ያለ ጤነኛ ፀጉር ነው። በሃያ ዓመት ሥራዬ ስንት ፀጉር ነክቻለሁ፤ እንዲህ ያለው በየቀኑ አይገኝም።

ማለስለሻ ለሕፃን አልቀባም አልኳት። ጭንቅላት የሚያቃጥል ኬሚካል ነው። ሹሩባ ልሥራላት አልኩ። እናትየዋ ቅር አላት። «ፎቶው ላይ ከሌሎቹ ልጆች ጋር አትመሳሰልም» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅቷ እየሰማች፣ «እህቷ ቀይ ናት፤ ይቺ አባቷን ወጣች» አለችኝ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ሹሩባውን ስጨርስ ቀና ብላ፣ «አሁን ቆንጆ ሆንኩ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሰባት ዓመቷ ነው! ማን አስተማራት? እኛ ነን። እናቷ፣ አክስቷ፣ ጎረቤቷ፣ የሱቁ ልጅ፣ እኔም ጭምር። የባሕር ዳር ሰዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ተቆጥቼ ነው የምጽፈው፤ ተቆጥቼም እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ።

እስቲ ሰላምታችንን ልብ ብላችሁ ስሙት። ልጅቷ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጣች። ገና ሻንጣዋን አላስቀመጠችም። «ውይ ልጄ፣ ምነው ጠቆርሽ?» ይላታል አንዱ። «ምነው እንዲህ ወፈርሽ? ማን ሊያገባሽ ነው?» ትላለች ሌላዋ። ፈተናው እንዴት ነበር የሚላት የለም። ወንድሟ ሲመጣ ደግሞ «ምነው ሰለልክ? ወንድ አይደለህም እንዴ?» እንለዋለን። በፍቅር ነው የምንለው፤ አውቃለሁ። ስለምንሳሳላቸው ነው። ግን ያቺ ልጅ ማታ ብቻዋን መስታወት ፊት ትቆማለች። ያልናት ነገር እዚያ ድረስ ተከትሏት ይገባል።

«ወፈርሽ» የሚለውን ቃል ራሱን እዩት። እናቴ ልጅ እያለች ወፈርሽ ማለት ምርቃት ነበር። ሞላ ያለች ሴት የደላት ናት፣ ከደህና ቤት የወጣች ናት። አራስ ገንፎዋን በቅቤ እየበላች ካልወፈረች ባሏ ይታማ ነበር። ዛሬ አንዲት ሴት ወፈርሽ ከተባለች ምሳዋን ትተዋለች። ምርቃቱን ስድብ ያደረግነው እኛው ነን፤ ያውም በአንድ ትውልድ ዕድሜ።

ስለ ንቅሳት ላውራችሁ። ይህን ነገር ከሱ በላይ የሚያስረዳልኝ የለም። አያቴ የዘጌ ሰው ነበረች። አንገቷን እንደ ድሪ የሚዞር ንቅሳት ነበራት፤ ከሥሩ ትንንሽ መስቀሎች። ግንባሯ ላይም አንድ መስቀል። ድዷም ተነቅሷል። ልጅ ሆኜ ስትስቅ አፏን አፍጥጬ አይ ነበር፤ ድዷ ጥቁር፣ ጥርሷ ወተት። ድድ የሚነቀሰው ጥርስ ነጥቶ እንዲታይ ነው። እንዴት እንደነቀሷት ስትነግረኝ ግን አትስቅም። ሁለት ሴቶች ይዘዋት አንዷ በመርፌ እየወጋች ጥላሸት ትቀባታለች። አፏ አብጦ ለቀናት ከአጥሚት በቀር የሚወርድላት አልነበረም። «ለምን እሺ አልሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ያልተነቀሰች ልጅ ድዷ እንደ ሥጋ ቀላ እየተባለች ትሰደባለች። ማን ያገባታል?» አለችኝ። አስቡት። በአያቴ ዘመን መቅላት ነውር የሆነበት ቦታ ነበር።

የሷ ልጅ፣ አክስቴ፣ ከዘጌ ወጥታ እዚህ ከተማ ፋብሪካ ገባች። እሷም ተነቅሳለች። ከተማው «ገጠሬ» አላት። እስከ ዛሬ በዚህ በባሕር ዳር ሙቀት ሻርፗን ከአንገቷ አታወርድም። ላስለቅቀው ብላ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ገንዘቡ ቢበዛባት ተመለሰች። የአክስቴ ልጅ ደግሞ አምና ክንዷ ላይ በማሽን ተነቀሰች። አሁን ታቱ ነው የሚባለው። ከፍላ ተነቀሰች፣ ፎቶ ተነሥታ ለጠፈችው፣ «ላይኩ» ዘነበላት። ሦስቱም የአንድ ቤት ሴቶች ናቸው። ሦስቱም ከቆዳቸው ሥር ቀለም አለ። አንዷን አስከበራት፣ አንዷን አሸማቀቃት፣ አንዷን አስጨበጨበላት። አያቴ ያን ሁሉ ሕመም የቻለችለት ውበት ገና ልጇ ሳታረጅ ነውር ሆነ። ዛሬ ልጆቻችን ጭንቅላታቸውን የሚያቃጥሉለት ነገርስ ነገ ምን ይባል ይሆን? ጥርሰ ፍንጭት ስንት በተዘፈነላት አገር አሁን ፍንጭቱን በሽቦ የሚያዘጋው ብዙ ነው።

ወደ ቀለም ልምጣ። እዚህ ላይ ታገሡኝ፣ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እንላለን። ሰውን በመልኩ መለየት በራሱ ጥፋት የለውም። ጥፋቱ ደረጃ ማውጣታችን ነው። «ጥቁር ናት ግን ቆንጆ ናት» እንላለን። «ግን» የምትለዋን ስሟት። «ቀይ ናት ግን ቆንጆ ናት» ያለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም።

ከልጆቻችን መሃል ጠቆር ያለውን «ሻንቆ»፣ «ጥቁሬ» ብለን እናቆላምጠዋለን። ሲያናድደን ቁልምጫው «ባሪያ» ይሆናል። ቃሉን መጻፍ ያሳፍራል። ግን ሳናፍር የምንናገረውን ልጽፈው ግድ ነው። ሰው ሲሸጥና ሲለወጥ ከነበረበት ዘመን የተረፈ ቃል ነው። ከወደ ምዕራብ፣ ከጉሙዝ አገር፣ ሰዎች እየታደኑ ተወስደው ተሸጠዋል። ጎጃም በዚህ እጁ የለበትም የሚል ካለ ታሪኩን ይጠይቅ። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተከለከለ። ቃሉ ግን ምላሳችን ላይ ቀረ። ልጃችንን «ፀሐይ ላይ አትቁሚ፣ ትጠቁሪያለሽ» ስንላት ሁለት የቆዩ ፍርሃቶች በአፋችን ይናገራሉ። አንዱ ባሪያ እንዳትመስዪ ይላል። ሌላው እርሻ የዋለች የድሃ ልጅ እንዳትመስዪ ይላል። እኛ ስለ ቁንጅና የምንመክር ይመስለናል።

ቆዳን የሚያጠቁረው ነገር ሜላኒን ይባላል። ሜላኒን የሚሠሩት ሕዋሳት ቁጥራቸው በቀዩም በጥቁሩም ሰው ተቀራራቢ ነው፤ የሚለያየው የሚያመርቱት መጠንና ዓይነት ነው። ሥራው ሰውነትን ከፀሐይ መጠበቅ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጣና ፀሐይ ደግሞ ከላይም ከውኃውም ያቃጥላል። ታንኳ ላይ የሚውለው ዓሣ አስጋሪ የጠቆረው ቆዳው ስለጠበቀው ነው። ይህን ጋሻ ነው በክሬም ካልላጥነው የምንለው።

ስለ ክሬሙ ሰምቼ አይደለም የማወራው። ሸጬዋለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ነጋዴ ትንንሽ ብልቃጦች አመጣልኝ። ላያቸው ላይ ምንም አልተጻፈም። «በሁለት ሳምንት ያቀላል» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ አቀላ። ደንበኞቼ ተሻሙበት። አንዲት በጣም የምወዳት ደንበኛዬ ስድስት ወር ተቀባችው። አንድ ጠዋት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ መጣች። በሩን ዝጊልኝ አለችኝ። ነጠላዋን ስትገልጠው ጉንጯ ደም መስሏል። ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ቀጫጭን የደም ሥሮቿ ይታያሉ። አገጯ በብጉር ተሞልቷል፤ ጉንጯ ላይ ፀጉር በቅሏል። ልተወው ስትል ይባስ ያቃጥላታል። «ቀላሁልሽ አይደል?» አለችኝና አለቀሰች። የቀረውን ብልቃጥ ያኑ ቀን ሰብስቤ ጣልኩት። ይቅርታም ጠየቅኳት። ይቅርታዬ ግን ፊቷን አልመለሰላትም።

በኋላ ነው ምን እንደሸጥኩ የተማርኩት። ስም በሌላቸው ማቅያዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንዱ እንደ ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል ያለ ስቴሮይድ ነው። የቆዳ ሐኪም ለበሽታ፣ ለአጭር ጊዜ የሚያዝዘው መድኃኒት ነው። ፊት ላይ ወራት ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፤ የደንበኛዬን ፊት ያበላሸው ይኸው ይመስለኛል። ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። ለረጅም ጊዜ ከተቀባ አንዳንድ ሰው ላይ ወደ ሰማያዊ የሚወስደው ጥቁረት ያወጣል። ሊቀላ የተነሣ ፊት ካሰበው በላይ ይጠቁራል፤ ያም በቀላሉ አይለቅም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2001 ማቅያ ክሬም ውስጥ እንዳይገባ ከልክሎታል። ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው። ሜላኒን እንዳይሠራ ያግዳል፤ ግን በቆዳ ሰርጎ ኩላሊትና ነርቭ ይጎዳል፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ፅንሱ ጋ ይደርሳል። በሜርኩሪ ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት መሠረት ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ እንዳይመረት፣ ከአገር ወደ አገርም እንዳይሻገር ተብሏል። ያ ነጋዴ ይህን ያውቅ እንደሆን እንጃ። እኔ ግን ምንድን ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም።

ነጋዴውን ብቻ መርገም ይቀለናል። ነጋዴው ክሬሙን ከማምጣቱ በፊት እኛ እፍረቱን በነፃ አድለንለታል። ገበያውን ያሞቅንለት እኛ ነን። መሥሪያ ቤቱም ያግዘዋል። ለእንግዳ ተቀባይ፣ ለገንዘብ ያዥ ሠራተኛ እንፈልጋለን ይልና «ቁመናዋ ያማረ» ብሎ ይለጥፋል። ገንዘብ ለመቁጠር ምን ዓይነት ቁመና ነው የሚያስፈልገው? እንዲህ የምትለጥፉ አሠሪዎች፣ ምን ማለታችሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ልጆቹም ያውቃሉ። ለቃለ መጠይቅ ከመሄዳቸው በፊት እኔ ጋ የሚመጡት ለዚህ ነው። ከደመወዛቸው በፊት ብድር ይገባሉ።

እሑድ እሑድ ጣና ዳር ውጡና ሙሽሮቹን እዩ። በቀደም አንዲት ሙሽራ እኔ አስውቤያት አብሬ ሄድኩ። ታኮዋ ረጅም ነው፤ ሣሩ ውስጥ እየሰመጠ ሁለት ሴቶች ደግፈዋታል። ታኮው ስላስረዘማት ሙሽራው አነሰ። ይህ ደግሞ አይሆንም። ወንድ ከሴት አጥሮ ፎቶ አይነሣም! ፎቶ አንሺው ድንጋይ አስመጥቶ ሙሽራውን አቆመው። ቀሚሷን ድንጋዩ ላይ አልብሰው ሸፈኑት። ሙሽራው ደስታው አላስቻለውም፣ ጥርሱ አልገጥም አለ። «ወንድ ሁን እንጂ፣ ኮስተር በል» አለው ፎቶ አንሺው። ለሷ ደግሞ «አንገትሽን ሰበር፣ ወደሱ ቀና ብለሽ እዪ»። ሁለቱም ታዘዙ። ያ ፎቶ ሳሎን ይሰቀላል። ልጆቻቸው እያዩት ያድጋሉ። አባት ረጅምና ኮስታራ ነው፣ እናት አጭርና አንገቷን የሰበረች ናት ብለው ይማራሉ። ድንጋዩን አያዩትም።

ታኮ ጫማ ራሱ የወንድ ጫማ ነበር። የፋርስ ፈረሰኞች እግራቸው እርካቡን እንዳይስት ነበር ተረከዙን ከፍ ያደረጉት። ከዚያ የአውሮፓ መኳንንት ወሰዱት። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በቀይ ታኮ ይኮራ ነበር። ያኔ ታኮ የወንድነት ምልክት ነው። ዛሬ ባሕር ዳር ላይ አንድ ወንድ ታኮ አድርጎ ቢወጣ ምን እንደምትሉት አውቃለሁ።

ወንዶቹም ከዚህ ነገር ነፃ አይደሉም። አንድ ጎረምሳ ፀጉሩን ሹሩባ ሊሠራ እኔ ጋ መጣ። ውጭ የቆሙት ልጆች በመስኮት እያዩ «ሴታሴት» አሉት። እንባው ዓይኑ ላይ ሞላ፤ ግን ወንድ አያለቅስም ተብሏልና ዋጠው። ልጆቹን አስገብቼ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። «አፄ ቴዎድሮስን እንዴት ነው የምታውቋቸው?» አልኩ። «በሹሩባ» አለኝ አንዱ፣ ቶሎ ብሎ። ዝም አሉ። የቋራው ካሳ አንበሳ ሲባል ፀጉሩ ተጎንጉኖ ነው። ሹሩባ የጦረኛ ጌጥ ነበር፤ የሴት ብቻ ያደረግነው በኋላ ነው። አሁን ደግሞ ያንኑ ጦረኛ እያደነቅን፣ የሱን ፀጉር የተሠራ ልጅ እናዋርዳለን።

ስለ ማጀት ደግሞ አንድ ነገር ልበል። «ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል?» የምትሉ ሁሉ ከፊታችሁ ያለውን ሐይቅ እዩ። የደሴት ገዳማቱ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አትገባም። እዚያ ዳቦውን ማን የሚጋግረው ይመስላችኋል? ወጡን ማን ይሠራል? ውኃውን ማን ይቀዳል? መነኮሳቱና አርድእቱ ናቸው፤ ሁሉም ወንዶች። እነሱን ወንድነታቸው ጎደለ ያለ ሰው የለም። በየደብራችንስ? ለቁርባን የሚቀርበው ኅብስት፣ ቤተልሔም በሚባለው የቤተ ክርስቲያኑ ማጀት የሚጋገረው በወንድ እጅ ነው። ከዚያ ዳቦ የሚከብር ዳቦ አለ? ዱቄት ማቡካት ያን ያህል የሚያዋርድ ቢሆን ለዚያ ክብር ወንድ አይመረጥም ነበር። ቤቱ ሲመለስ ግን ያው ሰው ሚስቱ ታማ ሽሮ ማቁላላት ይከብደዋል። እጁ አቅቶት አይደለም። ጎረቤት ምን ይለኛል ብሎ ነው። እዚህ ላይ ጎረቤቱ እኔና እናንተ ነን።

ሽመናንም አስቡ። በአገራችን ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ የሴት ነጠላ ጥለት የሚያስገባው ወንድ ነው። ከዚያ ልብስ በላይ ስስ የእጅ ሥራ የለም። ግን የወንድ ሥራ ነው ስላልነው የወንድ ሥራ ሆነ።

ሴቶችን በተመለከተ ደግሞ ከሐይቁ ማዶ ሳልሄድ ሁለት ሴት ልጥራ። እቴጌ ምንትዋብ እ.ኤ.አ. በ1730 ባሏ አፄ በካፋ ሲሞት ከልጇ ከኢያሱ ጋር ዘውድ ጫነች። አገር አስተዳደረች። ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን አሠራች። የምንጠራት ግን «ምን ትዋብ!» እያልን ነው። ስሙ ክፉ አይደለም። ግን ልጆቻችን ስለሷ ሲሰሙ ከመንግሥቷ በፊት ቁንጅናዋን ነው የሚሰሙት። ወለተ ጴጥሮስ ደግሞ ከሷ በፊት፣ በ17ኛው መቶ ዘመን የነበረች ናት። ባሏ የአፄ ሱስንዮስ ሹም ነበር። ትታው ፀጉሯን ተላጭታ መነነች። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ሲቀበል እምቢ አለች፣ ተከሰሰች፣ ተጋዘች። ተመልሳም በጣና ዙሪያ ወንዱንም ሴቱንም ሰብስባ መራች። ቆራጣ ላይ ገዳሟ አለ። ፀጉሯን የላጨች ሴት ናት ይህን ሁሉ ያደረገችው። ለሴት ልጆቻችን ፀጉርሽ ክብርሽ ነው እያልን ስናስጨንቃቸው ይህቺን እናት እንዴት እንረሳታለን?

አክስቴን እንደገና ላንሣት። ከተማችን ሜዳ ናት፣ ብስክሌት የተሠራላት ይመስላል። እሷም ፋብሪካ የምትሄደው በብስክሌት ነበር። ያላገባች ልጅ ብስክሌት ከነዳች ድንግልናዋ ይሄዳል ብለው አስወሩባት። ሦስት ወር በእግሯ ተመላለሰች። ከዚያ አንድ ቀን ማታ ፈረቃ ወጥታ በጨለማ ስትሄድ ሰካራም አሳደዳት። በማግስቱ ብስክሌቷን አውጥታ ነዳች፤ ያወራ ያውራ አለች። ያን ጊዜ ያወሩባት ሴቶች ልጆቻቸው ዛሬ በብስክሌት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ያወሩትን እሷም አንሥታባቸው አታውቅም።

«ኑሮው እንዲህ በከበደበት ጊዜ ስለ መልክ ታወሪያለሽ?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ አወራለሁ። ኑሮው ሲከብድ ይህ ነገር አይቀልም። እናት ለዘይት ያሰበችውን ብር ለልጇ ፀጉር እኔ ጋ ስታመጣ በየቀኑ አያለሁ። ሌላው ደግሞ «አንቺ የምትበዪው ከዚሁ አይደል?» ይለኛል። ነው። እንጀራዬ ነው። መዋብንም አልጠላም። እንሶስላ የሞቀች ሙሽራ እጅ አይቼ አልጠግብም። ወይባ ጢስ ሞቃ የወጣች አራስ ሽታዋ ደስ ይለኛል። ደስ ብሏት የምትዋብና አፍራ የምትዋብ ሴት ግን ይለያያሉ። ወንበሬ ላይ ስትቀመጥ ገና ትከሻዋን አይቼ አውቃታለሁ። የመጀመሪያዋ መስታወት ታያለች። ሁለተኛዋ ከመስታወቱ ዓይኗን ታሸሻለች። ከጊዜ ወደ ጊዜ ሁለተኛዋ እየበዛችብኝ ነው። ዕድሜዋም እያነሰ ነው።

እናቶች፣ ልጃችሁን ከእህቷ ጋር አታወዳድሩ። በተለይ ጆሮዋ ሥር አታወዳድሩ። አባቶች፣ እናንተ ዝም ስለምትሉ ነፃ የወጣችሁ ይመስላችኋል። ልጃችሁ «አባቷን ወጣች» ተብላ ስትሰደብ ቁጭ ብላችሁ ሰምታችኋል። የተሰደበው የእናንተም ቆዳ ነው። እዚያው አፋቸውን አስይዙ። ወንድ ልጃችሁ ሲያለቅስ «እንደ ሴት አታልቅስ» ከማለት ምን ሆንክ በሉት። ፎቶ አንሺዎች፣ ያን ድንጋይ ተዉት። ሙሽራውም ይሳቅበት፣ ሰርጉ ነው።

ክረምቱ እየመጣ ነው። ተማሪው ከየቦታው ወደ ቤቱ ይመለሳል። የጠቆረም የወፈረም የከሳም ይኖራል። በር ላይ ስትቀበሏቸው «እሰይ፣ እንኳን ደህና መጣሽ» በሏቸውና እዚያው ላይ አቁሙ። ከዚያ ቡና አፍሉና ስለ ትምህርቷ ጠይቋት። መጀመሪያ ላይ ይከብዳችኋል። ምላሳችን ለምዷል፤ እኔም ባለፈው ሳምንት አፌ ላይ ደርሶ ነው የዋጥኩት።

ቤታችሁ ውስጥ ስም የሌላት ብልቃጥ ካለች ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ወራት ስትቀባው የቆየችውን ልጅ ተቆጥታችሁ ብልቃጡን ነጥቃችሁ አትጣሉባት። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ በአንዴ ሲቋረጥ ፊቷ ይነድዳል፣ ያብጣል። ደንበኛዬን ያየሁት ነው። ወደ ቆዳ ሐኪም ይዛችኋት ሂዱ። ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም የምታጠባ ከሆነች ያንንም ለሐኪሙ ንገሩት። ብልቃጡን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ማየት ይፈልጋል። መንገድ ላይም አትገሥጿት።